የባዶ ቀስት ምስክርነት

ዓይን አፋር ሰው ሕግ ይወዳል። ይህን የትም አላነበብኩም፤ ከራሴ ነው የማውቀው። ደፋር ሰው የት መቆም እንዳለበት፣ መቼ መናገር እንዳለበት፣ ሰው ቤት ሲገባ ማንን አስቀድሞ መሳም እንዳለበት ሆዱ ይነግረዋል። የእኔ ሆድ ግን እንዲህ ባለ ሰዓት መጮህ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ በሩ ላይ «ጫማ አውልቁ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ቤት ስገባ ደስ ይለኛል። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ እንኳ አንድ ነገር በትክክል አድርጌያለሁ።

ላስ ቬጋስ ሲባል ሕግ የሌለበት ቦታ ይመስላችሁ ይሆናል። ዘመዶቻችንም ሲደውሉ «እዚያ ሁሉ ነገር ይፈቀዳል አሉ» ይሉናል። ይፈቀዳል። ግን ሁሉ ነገር የሚፈቀድበት ቦታ ለሁሉ ነገር ሕግ አለው። አባቴ የሆቴል እንግዶችን ከኤርፖርት የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል፤ ለእንግዳ በር ሲከፍት የት ጋ እንደሚቆም ሳይቀር ተጽፎ ተሰጥቶታል። እናቴ ሜዲካል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ በጽዳት ክፍል ትሠራለች፤ አንድን ክፍል ከየት ጀምራ የት እንደምትጨርስ በእንቅልፍ ልቧ ትነግራችኋለች፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው። እንግዲህ ከእንዲህ ዓይነት ቤት ወጥቼ ሕግ ብወድ አይፈረድብኝም።

ቀስት ውርወራ የጀመርኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ቤታችን ካለበት ከሴንቴኒያል ሂልስ ሰፈር ብዙ በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ አንድ ክለብ ይለማመዳል። ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ለማየት ሄድን፤ እሷን በሃያ ደቂቃ ሰለቻት፣ እኔ ቀረሁ። የማረከኝ ቀስቱ አይደለም፣ ፊሽካው ነው። ሁለት ጊዜ ሲነፋ መስመሩ ላይ ትቆማላችሁ። አንድ ጊዜ ሲነፋ ትወረውራላችሁ። ሦስት ጊዜ ሲነፋ ፍላጻችሁን ለመልቀም ወደ ዒላማው ትሄዳላችሁ። በመካከሉ ማንም ሰው ተነስቶ «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» አይልም። እኔ ገነትን የማስበው እንዲህ አድርጌ ነው። (ቀስትና ፍላጻ አንድ የሚመስለው ሰው ስለማያጣ ላስረዳ፤ ቀስት እጅ ላይ የሚቀረው ነው፣ ፍላጻ ጥሎ የሚሄደው።)

የክለቡ የውድድር ሕግ ሁለት ገጽ ነው። የእኔ እኩዮች ስልካቸውን እንደሚያነቡት እኔ እሱን አነበብኩት። ሰው በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በያዘው ዕቃ ይከፋፈላል። ባለ መዘውሮቹ አሉ፤ ቀስታቸው ጫፍና ጫፉ ላይ ትናንሽ ጎማዎች ያሉት፣ አጉልቶ የሚያሳይ መስታወት የተገጠመለት፣ ሲታይ ቀስት ሳይሆን ፈርሶ የሚጠገን ብስክሌት የሚመስል። ባለ ማነጣጠሪያዎቹ አሉ፤ ኦሎምፒክ ላይ የምታዩት ዓይነት፣ ከፊቱ ረጅም የሚዛን ዘንግ የወጣለት። ከእንጨት ብቻ የተሠራ ቀስት የሚይዙ አሉ፤ አብዛኞቹ ጢማቸውን ያስረዘሙ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። በመጨረሻ እኔ ያለሁበት ክፍል ይመጣል። የእንግሊዝኛው ስም እንዳለ ሲተረጎም «ራቁት ቀስት» ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ሌላ ክፍል የላቸውም?» አለች። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ «ባዶ ቀስት» እንለዋለን።

ባዶ ቀስት ማነጣጠሪያ የለውም፣ ዘንግ የለውም፤ ዓይንና እጅ ብቻ። ወረቀቱ ላይ ለዚህ ክፍል ሁለት ነገር ተጽፏል። አንደኛ፣ ቀስቱ ገመዱ ተፈቶ ዳኛው በያዘው ቀለበት ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ የተንጠለጠለበት ትርፍ ዕቃ አለ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ቀስተኛው ፊት በሚዞረው በኩል ለማነጣጠር ሊያግዝ የሚችል ምልክት፣ ጽሑፍም ሆነ ጭረት፣ ሊኖር አይችልም። ይህችን ሁለተኛዋን አስምሩባት። እኔም አስምሬባት ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጥሩ አልነበርኩም። ይህን ያልኩት ራሴን ላለማዋረድ ነው። በአንድ ዙር ሦስት ፍላጻ ይወረወራል፣ አሥር ዙር አለ፤ ሁሉም መሃል ቢገባ ሦስት መቶ ነጥብ ይሆናል። እኔ ዘጠና ካመጣሁ ያን ማታ እራት የምበላው እየዘፈንኩ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ልትወስደኝ ቀደም ብላ መጥታ ከበሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ያየችውም አንዷ ፍላጻዬ አጠገቤ በቆመው ሰውዬ ዒላማ ላይ ስትሰካ ነው። መኪና ውስጥ ምንም አላለችኝም። እናቴ ምንም ካላለች እየጸለየች ነው።

በማግስቱ ቀስቴን ከቦርሳው አውጥታ «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል ተለጣፊ ለጠፈችበት። ታውቁታላችሁ፣ መኪና የኋላ መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ነጭ ጽሑፍ። እኛ ቤት መኪናው ላይ ብቻ አይደለም፤ ፍሪጁ ላይ አለ፣ የአባቴ የምሳ ዕቃ ላይ አለ፣ አንድ ጊዜ የመብራት ሒሳብ ይዞ የመጣው ፖስታ ላይም አይቼዋለሁ። ቀስቴ ላይ የለጠፈችው ከእጀታው ከፍ ብሎ፣ ወደ እኔ በሚዞረው በኩል፣ ፊደሎቹን እየቆረጠች እንደ ፎቅ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድራ ነው።

«ስትወረውሪ እንድታይው» አለችኝ።

አየሁት።

በዚያው ሳምንት መቶ ስድሳ አመጣሁ። በሚቀጥለው ሳምንት መቶ ዘጠና። ክለቡ ውስጥ ስሜን የማያውቁ ሰዎች ስሜን መጠየቅ ጀመሩ፤ ይህ ለእኔ ሽልማት አልነበረም፣ ግን ደስ አለኝ። እኔም ከልቤ ተአምር ነው ብዬ አመንኩ። እናቴ ደግሞ እሑድ ልትመሰክር ስሟን አስመዘገበች።

እንደ እኛ ባለ ቤተ ክርስቲያን ላላደገ ሰው ላስረዳ። ከመዝሙር በኋላ፣ ከስብከት በፊት፣ የምስክርነት ሰዓት አለ። ጌታ ያደረገለትን መናገር የፈለገ ሰው ወጥቶ ማይክ ይይዛል። ስለ ወገብ ሕመም ይመሰከራል፣ የመኖሪያ ወረቀት ስለ ማግኘት ይመሰከራል፣ ኦቨርታይም ስለ ማግኘትም፣ ኦቨርታይም ስለ መገላገልም ይመሰከራል። ከሁሉ በላይ የምወደው ክፍል እሱ ነበር፤ ምክንያቱም እኔን የሚመለከት ነገር ኖሮበት አያውቅም። ያን ቀን እናቴ ወጣችና «ስሙን ቀስቷ ላይ ከለጠፍኩበት ቀን ጀምሮ የልጄ ፍላጻ መሃል ይገባል» አለች። ሁለት መቶ ሰው «ሃሌሉያ» አለ። ከፊቴ የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩኝ። እኔ የመዝሙር ደብተሬን ገጽ ቁጥር እያነበብኩ ነበር።

ነገሩ የገባኝ በሚቀጥለው ሐሙስ ልምምድ ላይ ነው። የ«ጌ» ፊደል እግሯ ሥር ትንሽ ቀለበት አላት። ገመዱን እስከ አገጬ ስስብ ያቺ ቀለበት ከዒላማው ቢጫ መሃል ጋር ትከሻ ለትከሻ ትቆማለች። እንደዚያ ከቆመች ፍላጻው ቢጫው ውስጥ ይገባል። ቀለበቷ ከቢጫው ከፍ ካለች ፍላጻውም ከፍ ይላል፤ ዝቅ ካለች ዝቅ። ዓይኔ ይህን እኔን ሳይጠይቅ ተምሮት ኖሯል። እናቴ በገዛ እጇ፣ በጸሎት፣ ባዶው ቀስቴ ላይ ማነጣጠሪያ ገጥማልኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሳላውቅ አደርገው የነበረውን እያወቅኩ አደረግኩት። እዚህ ላይ ብትታዘቡኝ መብታችሁ ነው። ያሰመርኩበትን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። «ምልክት ነው የሚከለክለው፤ ይሄ ምልክት ሳይሆን እምነት ነው» አልኩ። ሕግ የሚወድ ሰው ሕግ መጣስ ሲያምረው ለራሱ የሚቆምለት ጠበቃ ማንም አያሸንፈውም። በልምምድ ቀን ቀስት የሚመረምር ሰው ስለሌለም የጠየቀኝ አልነበረም። ለእናቴስ ለምን አልነገርኳትም ትሉኝ ይሆናል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እሷ መስክራለች፣ ሁለት መቶ ሰው ሃሌሉያ ብሏል፤ ከዚያ በኋላ «እማዬ፣ የፊደሏ ቀለበት ናት እኮ» ብዬ እንዴት ልጀምር? ቢሆንልኝ ኖሮ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ዝም እል ነበር።

ውድድር ደረሰ። ቦታው ቦልደር ሲቲ ነበር። እናቴ ቦልደር ሲቲን ትወዳለች፤ ቁማር የተከለከለባት ከተማ ስለሆነች በመኪና ስንገባ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አየሩን ትስባለች። አባቴ ሺፍት ቀይሮ ቅዳሜ ጠዋት ይዞን ሄደ። እኛን በር ላይ አውርዶ ፓርክ ሊያደርግ ሄደ፤ እኔና እናቴ ገብተን ከዕቃ ምርመራው ሰልፍ ኋላ ቆምን።

የምትመረምረው ዳኛ ሚስ ዶና ትባላለች። ነጭ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ናት። ካዚኖ ውስጥ የካሜራ ክፍል ቁጭ ብላ ካርታ የሚያጭበረብሩ ሰዎችን ስትጠብቅ ኖራ ጡረታ የወጣች ናት ሲባል ሰምቼ ነበር። ቀስቴን ተቀበለችኝ፣ በቀለበቱ ውስጥ አሳለፈችው፤ አለፈ። ልትመልስልኝ እጇን ዘረጋችና አንድ ጊዜ ገልበጥ አድርጋ አየችው። መነጽሯን አጠለቀች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ተለጣፊ ነው» አልኳት።

«ተለጣፊ መሆኑንማ አየሁ። ምን ይላል?»

ነገርኳት።

«እኔም እሑድ እሑድ እንደዚያ እላለሁ» አለች። «ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው። በዚህ በኩል ጽሑፍ አይፈቀድም።»

እናቴ እንግሊዝኛ ትችላለች። ሆስፒታል ውስጥ ነርሶቹን ታስቃቸዋለች። ስትናደድ ግን እንግሊዝኛዋ ቤቱ ይሄዳል። ድምፃችንን ሰምታ ጠጋ አለችና «ምን ሆነች?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ።

«ተለጣፊውን ሕጉ አይፈቅድም አለች፣ እማዬ። ምልክት ስለሆነ።»

«ይሄ ነው ምልክት? የጌታ ስም ነው በያት።»

አልኳት። ሚስ ዶና ቀስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እናቴን በትዕግሥት አየቻት። «ካዚኖ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ካሜራ ላይ ቁጭ ብያለሁ» አለች። «ካርታ በጥፍር ጭረው ምልክት ያደርጋሉ፣ በሊፕስቲክ ያደርጋሉ፣ በእንባቸው ሳይቀር። አንድ ነገር ምልክት የሚሆነው በሚለው አይደለም፤ በሚሠራው ነው።»

«ካዚኖ አለች?» አለች እናቴ።

«ጡረታ ወጥታለች፣ እማዬ።»

«ጌታ ይመስገን።»

ከኋላችን ሰልፉ እየረዘመ ነበር። አንድ ጢማም ሽማግሌ የእንጨት ቀስቱን እንደ ከዘራ ተደግፎ በደስታ ይሰማል። ሚስ ዶና ሁለት መንገድ አለሽ አለችኝ። ወይ በጥቁር ቴፕ ሸፍነሽ በባዶ ቀስት ትወዳደሪያለሽ፣ ወይ ተለጣፊሽን ይዘሽ ወደ ባለ ማነጣጠሪያዎቹ ክፍል ትዛወሪያለሽ። ተረጎምኩ። «የጌታን ስም በጥቁር ቴፕ?» አለች እናቴ፣ ይህን እንኳ የተናገረችው በሹክሹክታ ነው። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ይህ እንቅስቃሴዋ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል መሰለኝ፣ ሚስ ዶና ለሰለሰች።

«ስሚኝ፣ የኔ ማር» አለችኝ። «ይሄ የክለብ ውድድር ነው፣ ኦሎምፒክ አይደለም። ሦስተኛ መንገድ እሰጥሻለሁ። ለማነጣጠር አልጠቀምበትም ካልሽኝ ቃልሽ ይበቃኛል። ፈርሜ አሳልፍሻለሁ።»

ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ለቤተሰቤ ስተረጉም ኖሬያለሁ፤ ባንክ፣ ትምህርት ቤት፣ የጥርስ ሐኪም። ሰው እንዳይከፋው ትንሽ ማጎደል፣ ትንሽ ማጣፈጥ የሥራው ጠባይ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩላት።

የእናቴ ፊት በራ። «በቃ፣ ንገሪያታ» አለችኝ። ከዚያ እንግሊዝኛዋ ድንገት ተመለሰላትና ራሷ ወደ ሚስ ዶና ዞራ «ማይ ዶተር፣ ኖ ላይ» አለቻት። ልጄ አትዋሽም ማለቷ ነው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የሚፈለግብኝ አንዲት «ኖ» ናት። በየትኛውም ቋንቋ ከዚህ አጭር መልስ የለም። «ኖ» ብል ቀስቴ ያልፋል፣ መቶ ዘጠና አመጣለሁ፣ ምናልባት ሜዳልያ፤ የእናቴ ምስክርነት ይጸናል፣ እሑድ ደግሞ ሁለተኛ ክፍል ይኖረዋል። «የስ» ብል እናቴ ሁለት መቶ ሰው ፊት በማይክ የተናገረችው ነገር የአንዲት ፊደል ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ሚስ ዶና እየጠበቀችኝ ነው። እናቴ እያየችኝ ነው፤ አስተያየቷ ውስጥ ጥያቄ የለም። ቢኖር ይቀለኝ ነበር።

«እጠቀምበታለሁ» አልኩ።

ያልኩት ግን በአማርኛ ነው። ፊቴንም ወደ ዳኛዋ አላዞርኩም፣ ለእናቴ ነው የነገርኳት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የተሰበረው የክለቡ ሕግ ነው፤ የተሰበረው ቃል ግን የእናቴ ስለነበረ ይመስለኛል።

 «የጌ ቀለበት ናት» አልኳት፣ ድምፄ ለራሴ ጆሮ እንኳ በቅጡ ሳይደርስ። «ቢጫው ጎን ሳስቆማት ይገባል። ተአምር አይደለም፣ እማዬ። ካወቅኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል።»

ሚስ ዶና አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየች። ከዚያ እናቴን «ምን አለች?» ብላ ጠየቀቻት።

በሕይወቴ አንድም ሰው እናቴን «ልጅሽ ምን አለች?» ብሎ ሲጠይቃት ሰምቼ አላውቅም። ሁልጊዜ የሚጠየቀው በተቃራኒው ነው። እና ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ አሁን ተርጓሚዋ እሷ ናት፣ እንደ ማንኛውም ተርጓሚ ማጎደል ትችላለች። «አልጠቀምበትም ነው ያለችው» ብትል እኔ እሷን ሐሰተኛ የማደርግበት ጉልበት የለኝም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። እናቴ ቀስቱን አየችው። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ልክ ዛሬ ገና እንዳየችው ሁሉ። 

«የስ» አለች ለሚስ ዶና። «ሺ ዩዝ ኢት።»

ሚስ ዶና ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም፣ አላመሰገነችምም፤ ካሜራ ላይ ሲቀመጥ የኖረ ሰው ሁለቱንም ይተዋቸዋል መሰለኝ። ጥቁር ቴፑን ገፋ አድርጋ ሰጠቻት። እናቴ ግን ቴፑን አልነካችም። ቀስቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጥፍሯ ታነሳቸው ጀመር። ለሆስፒታል ሥራ ሲባል በአጭሩ የተቆረጠ ጥፍር ስለሆነ ጊዜ ፈጀባት። ሙጫው ቀረ። ሚስ ዶና «ሙጫውም ምልክት ነው» ብላ ሳትጨርስ እናቴ ከቦርሳዋ የሥራ ቦታዋን የአልኮል መጥረጊያ አወጣች። ከላይ ወደ ታች፣ ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው። ስትጨርስ ሚስ ዶና ቀስቱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችውና «በባዶ ቀስት ክፍል እስከ ዛሬ እንዲህ ባዶ የሆነ አላየሁም» አለች።

ስለ ውድድሩ ብዙ የምለው የለኝም። ከስድስት ሰው ስድስተኛ ወጣሁ። በመጀመሪያው ዙር ያን የለመድኩትን ነጭ ጽሑፍ ዓይኔ እየፈለገ ሦስቱም ፍላጻዎቼ ወረቀቱን ሳይነኩ ቀሩ። በአጠቃላይ ሰማንያ አራት ነጥብ። ሠላሳ ፍላጻ ወርውሬ ቢጫው ውስጥ የገባችው አንዲት ብቻ ናት፤ ሰባተኛው ዙር ላይ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ዒላማውን በደንብ ሳላየው። ለምን እንደገባች እስካሁን አላውቅም።

ወደ ቤት ተነሳን። ነገሩን ከሩቅ ቆሞ ያየው አባቴ ዝምታ ሲበዛ መንዳት ስለማይሆንለት «እኔ ያልገባኝ ማን አሸነፈ?» አለ።

«ዳኛዋ» አለች እናቴ።

አባቴ ሳቀ፣ ከዚያ መሳቅ እንዳልነበረበት ገባው። እናቴ ከፊት ወንበር ላይ ሆና፣ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ «ለምን አልነገርሽኝም፣ ፌቪ?» አለችኝ።

«መስክረሽ ነበር።»

መልስ አልሰጠችኝም። እየጸለየች ይሆን፣ ተቀይማኝ ይሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መለየት አቃተኝ። ቤት ልንደርስ ስንቃረብ ብቻ «ያቺ አንዷስ? ሰባተኛው ዙር ላይ የገባችው?» አለች። አላውቅም አልኳት። «እሺ» አለች።

እሑድ ጠዋት ልብሷን ስትለብስ እንደምትመሰክር አወቅኩ፤ ማይክ የምትይዝ ቀን የምትለብሰው ሰማያዊ ቀሚስ አላት።  ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የመስካሪዎችን ስም የምትመዘግበው እህት ሰላም «ስለ ምንድን ነው፣ እህቴ? ፈውስ ልበል ወይስ ሥራ?» አለቻት።

«እርማት» አለች እናቴ።

እህት ሰላም ወረቀቱን አገላብጣ ፈለገች። እርማት የሚል አልነበረም። «ሌሎች» የሚለው ሥር ጻፈችው።

«እኔም አብሬሽ ልውጣ?» አልኳት፣ እምቢ እንድትለኝ በሙሉ ልቤ እየለመንኩ።

«ምስክርነቱ የኔ ነው» አለችኝ። «አንቺ ያንቺን ትናንት ሰጥተሻል።»

ወጣች። ማይኩን ይዛ «ባለፈው ወር የመሰከርኩትን ላርም ነው የመጣሁት» አለች። ከልማድ የተነሳ ሁለት መቶ ሰው «ሃሌሉያ» አለ፣ ከዚያ የሰማው ነገር ገባውና ጸጥ አለ። እናቴ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ተለጣፊውን፣ የፊደሏን ቀለበት፣ ዳኛዋን፣ ሰማንያ አራቷን ነጥብ ጭምር። እኔን ስታነሳ «ልጄ እውነቱን ነገረችኝ» አለች እንጂ ሦስት ሳምንት ቆይታ አላለችም። ያቺን ሰባተኛው ዙር ላይ የገባችውን ፍላጻም አላነሳችም። ብታነሳት ኖሮ ቤቱ በእልልታ ይናጋ እንደነበር እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

«ጌታ አነጣጠረላት ብዬ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ያነጣጠረችው በፊደሉ ነው። ጌታ ደግሞ ያልሠራውን ሠራ ቢሉት ደስ የሚለው አይመስለኝም።»

ማይኩን መልሳ ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች።  ፓስተሩ ማይኩን ይዞ፣ ደረሰኝ ላይ እንደሚፈርም ሰው፣ ቀስ ብሎ «አሜን» አለ። ሃሌሉያ ያለ የለም። እናቴ ጉልበቴን አንዴ መታ አደረገችና ወዲያው እጇን መለሰች።

በሚቀጥለው እሑድ ፓስተሩ እንደ ወትሮው ምስክርነት ያለው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልወጣም። ስማቸውን አስመዝግበው የነበሩ ሦስት ሰዎች እህት ሰላምን አሰርዘዋታል ተባለ። ፓስተሩ ሁለተኛ ጠየቀ። በየሳምንቱ የሚመሰክረው፣ እኛ ልጆች ከምንበላው ቁርስ ይልቅ ስለ ጉልበቱ ሕመም የምናውቀው ወንድም፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያስተካክል ነበር። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነው። ፓስተሩ ሦስተኛ ጠየቀ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ወደ ስብከቱ ገባ። ሰው ሁሉ በየቤቱ የመሰከረውን እያገላበጠ ሲመረምር ሰንብቶ እንደሆነ፣ ወይስ እንዲሁ ርቦት እንደሆነ እኔ አላውቅም። ጉባኤው ሃያ ደቂቃ ቀድሞ አለቀ፤ የእኔ ዕድሜ ልጆች በሩ ላይ ተሰልፈው እናቴን ሳሟት።